የተላገ ጀርባ

ዋርሳዬ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ሠላሳ ዓመት እንጨት ሲልግ የኖረ ሰው ነው፤ ጎርባጣ ነገር ማየት አይችልም። በር ይሁን ጠረጴዛ፣ ካላስተካከለው ምሳው አይወርድለትም። የሰው ንግግር እንኳ ትንሽ ከጎረበጠው መሐል ገብቶ ይልገዋል። ባሌ በሕይወት እያለ በዚህ ጠባዩ እንስቅ ነበር። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁን የሚያስቅ ነገር የለም። እኔና እሱ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተፋጠን እንውላለን።

እሱ ይቆርጣል፣ ይልጋል፣ ይገጣጥማል። እኔ ቫርኒሽ እቀባለሁ። ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት የእኔን ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር አንሥቶ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ወሸቀው። "ብርሃኑ ለመጋዙ ያስፈልጋል" አለኝ። ቀለም ቀቢ በጨለማ እንደምትሠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔም "ጋሼ" የምትለዋን ቃል ከአፌ አውጥቼ ጣልኳት፤ "አንተ" ብዬው ቀረሁ። እሱም ስሜን ረስቶ "ቀቢዋ" ይለኛል። ምሳ ሲደርስ "ነይ ቅረቢ" ይላል፤ ሳህኑን ግን ወደ ራሱ እንደሳበ ነው። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይኼ ነው። ጥዬለት እንዳልሄድ የቤቱ ግማሽ የባሌ ነው፤ ደግሞስ እሱን ደስ ይበለው ብዬ ነው የምሄደው?

ከጣሪያው ሥር አንድ ፍልጥ ተሰቅሎ ነበር። ባሌ ነው የሰቀለው። ከመሞቱ ከአራት ዓመት በፊት ንፋስ የጣለውን ግንድ ከመንገድ ዳር በጋሪ ጎትቶ አመጣና በሽብልቅ ለአራት ፈለጠው። እንዳይሰነጠቅ ብሎ ጫፍ ጫፉን ኮላ ቀባው። ደጋን ሊሠራ ነበር፤ ቀስት የሚወረወርበትን፣ የድሮውን ዓይነት፣ ከአንድ እንጨት የሚወጣውን። ሦስቱ ፍልጦች ሲደርቁ ተሰነጠቁ። አራተኛው ደህና ደረቀ፤ ባሌ ግን አልደረሰበትም።

ከሞተ ዓመት ካለፈው በኋላ ታብሌቱን ስከፍት አንድ መልእክት አገኘሁ። "ዘገየሁ፣ የት ጠፋህ? ፍልጡ አልደረቀም?" ይላል። ለካ ባሌ ደጋን ሠሪዎች የሚገናኙበት የኢንተርኔት ቡድን ውስጥ ነበር፤ ለራሱ ያወጣው ስም ደግሞ "ዘገየሁ" ነው። ይኼ ሁሉ ዓመት ሲጠይቅ፣ ሲያነብ፣ ፎቶ ሲያይ ኖሮ አንድም ደጋን አልሠራም። "ሞቷል" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ለቅሶ የሚደርሰኝ ሰው ሰልችቶኝ ነበር።

ከሁሉም ቀድመው የመለሱት አንድ ጡረተኛ ናቸው፤ የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩ፣ የቡድኑ ሽማግሌ። "እግዜር ያጥናሽ ልጄ። ፍልጡስ አለ?" አሉኝ። ስለ ባሌ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆኛል፤ ስለ ፍልጡ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። "አለ" አልኳቸው። "እንግዲያው አውርጂው" አሉኝ።

አወረድኩት። እውነቱን ለመናገር የሰዎቹ ደግነት መጀመሪያ ላይ አንጀቴን አሳርሮታል። የተጣመመ ሥራ ፎቶ አንሥቼ ስልክላቸው፣ "ጎበዝ!"፣ "እጅሽ ይባረክ!" እያሉ ይንጫጫሉ። ለተጣመመ ነገር እጅሽ ይባረክ የሚል ሰው አይታመንም ብዬ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። አመስግነው ሲያበቁ በፎቶው ላይ ያጠፋሁበትን ቦታ አንድ በአንድ በቀይ ከበው ይልኩልኛል። እንጨት የሚፋቅበትን ባለ ሁለት እጀታ ቢላዋ እንዴት እንደምይዝ በጽሑፍ አልገባኝ ሲል፣ አንዲት ነርስ ከሥራ መልስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ አርባ ደቂቃ የራሷን እጆች ቀርጻ ላከችልኝ። አይታኝ አታውቅም። እኔ ጎረቤቴን እንኳ አርባ ደቂቃ አላዋራሁም።

የደጋን ነገር ሁሉ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ሲሳብ የሚወጠረው ውጪኛው ገጽ ጀርባ ይባላል፤ ወደ ሳቢው የሚዞረው ደግሞ ሆድ ነው። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምር የለ፤ እነሱ እያንዳንዱን ቀለበት "ዓመት" ነው የሚሉት። ጀርባው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓመት ብቻ መሆን አለበት። እንጨቱ ጎበጥ ካለበት አብረሽ ጎበጥ፣ ጎድጎድ ካለበት አብረሽ ጎድጎድ ማለት ነው። "ዓመቱን አትቁረጪ" ይሉኛል ሌት ተቀን። ዓመቱ ከተቆረጠ የእንጨቱ ቃጫ ተበጥሷል፤ ደጋኑ ሲሳብ ከዚያች ቦታ ይነሣና ይፈነዳል።

አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ዓመት መርጬ፣ ከላዩ ያሉትን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እያነሣሁ፣ ቁጭ ብዬ ፋቅሁ። ጉጥ ያለበት ቦታ ላይ እንደ ብጉር ከፍ ያለች ነገር ቀረች፤ እንዳትነኪያት ተባልኩ፣ አልነካኋትም። ዋርሳዬ በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር አንድ ነገር ሳይጥልብኝ አያልፍም።

"ቀቢዋ፣ ጥጥ ልትነድፊበት ነው?"

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። የሱ ነገር ሲበዛ ሥራዬን ይዤ ግቢ እወጣለሁ። ጀርባው ሲያልቅ ፎቶውን ለቡድኑ ላክሁ፤ ጡረተኛው በቀይ የሚከቡት ነገር አጡ። "ልጄ፣ ይኼን ባልሽ ቢያየው" ብለው ጻፉ። እንባዬ ቫርኒሹ ላይ ጠብ ብሎ አንድ የቁምሳጥን በር አበላሸሁ።

በማግስቱ የደንበኛ ቤት ደረጃ ልቀባ ሄድኩ፤ ሁለት ቀን ዋልኩበት። ስመለስ ደጋኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ጀርባው ግን እንደ መስታወት ያበራል። በመላጊያ ተልጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ አልቋል። ጉብታው የለም፤ ጉድጓዱ የለም። የተቆረጡት ዓመታት ተደራርበው እንደ ካርታ መስመር ይታያሉ። እንጨት የማያውቅ ሰው ቢያየው እንዴት ያምራል ይላል።

"ምን አደረግክ?" አልኩት።

"አስተካከልኩልሽ። ኮረኮንች መንገድ አስመስለሽው ነበር እኮ።"

"ማን ንካ አለህ?"

"እጄ አመድ አፋሽ ነው መቼም" አለና መላጊያውን አነሣ። ዓይኔን አላየም። እጄ ሞረዱ ላይ ነበር፤ ሞረዱን አስቀምጬ ወጣሁ። ባሌ የፈለጠው፣ የቀባው፣ የሰቀለው አንድ እንጨት ነበር የቀረኝ። ሌላ የለም።

ፎቶውን ለቡድኑ ለጠፍኩ። እንዲሰድቡልኝ ነበር የፈለግሁት። ማንም አልሰደበልኝም። አሥራ ሰባት ሰዎች እየተከታተሉ የራሳቸውን የተሰበሩ ደጋኖች ፎቶ አወጡ፤ አንዱ በሚስቱ መኪና የተረገጠበትን፣ አንዱ ልደቱ ቀን የፈነዳበትን። እየሳቁ የሚያጽናኑ ሰዎች ናቸው። ጡረተኛው ግን አልሳቁም። "ይድናል" አሉ። ስስ ጥሬ ቆዳ በጀርባው ላይ በኮላ ከተለጠፈ የተበጠሰውን ቃጫ ይይዘዋል። "ቆዳው ሳይለጠፍ ግን እንዳይሳብ። አንቺም፣ ማንም። ሲፈነዳ የደጋኑ ላይኛው ክንድ ዞሮ የሚያገኘው ፊት ነው" ብለው የራሳቸውን ጉንጭ ፎቶ ላኩልኝ። ከዓይን ሥር እስከ ከንፈር ወርዶ የጠገገ ጠባሳ አለ። ነርሷ በልክ የተቆረጠ ቆዳ በፖስታ ሰደደችልኝ፤ "በርቺ" የምትል ወረቀት ጭምር አለችበት።

ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩበት።

ለምን ቢባል፣ ጀርባውን ያስተካከለው እሱ ነው፤ እሱ ይሳበው አልኩ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሰብኩት። አላሳምረውም። ሁለት ዓመት ሙሉ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ያስቀመጠኝን ሰውዬ ፊቱ ላይ እንዲያገኘው ፈለግሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ጸሎቱም ቀርቶብኝ ቂሜን ብቻ ይዤ ሆዱን መሞረድ ቀጠልኩ። ሁለት ወር ሞረድኩ። ሁለቱ ክንዶች እኩል እንዲጎብጡ ትንሽ ፋቅ፣ ትንሽ ሳብ፤ ከስንዝር በላይ ግን ስቤው አላውቅም። ለቡድኑ የምልከው የሆዱን ፎቶ ብቻ ነው። "ቆዳው ተለጠፈ?" ብለው ጡረተኛው ጠየቁኝ። "ተለጥፏል አባባ" አልኳቸው። "ጎሽ ልጄ" አሉኝ። እሳቸውን መዋሸቴ አሳፈረኝ፤ ቢሆንም መሳቢያውን አልከፈትኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከሥራ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ፣ አውታሩን ወጠርኩት። እንዴት አድርጌ በእጁ እንደማስገባው ሳምንት ሙሉ ስዶልት ነበር። አወድሰዋለሁ፣ እልህ አስገባዋለሁ፣ "ጉልበት ያለው ወንድ ካለ" እላለሁ ብዬ ነበር። ምኑም አላስፈለገም። አቧራውን ከእጁ እያራገፈ ራሱ መጣ።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"ስበሽዋል?"

"ገና ነኝ።"

"አምጪው።"

"ምነው፣ ጥጥ አለህ እንዴ?"

"አምጪው አልኩሽ። መጀመሪያ የምስበው እኔ ነኝ።"

እዩልኝ። ለመስኮቱም መጀመሪያ እሱ ነው፣ ለሳህኑም እሱ፣ የባሌን እንጨት ለመሳብም እሱ። ልተወው የሚል ሐሳብ ገብቶኝ የነበረ እንደሆነ እንኳ ያን ጊዜ ለቀቀኝ። ሰጠሁት።

"ወደዚያ ራቅ በይ" አለኝ፣ እንደ ልማዱ እያዘዘ።

ራቅሁ። እሱ ስላዘዘኝ አይደለም፤ ድሮም ልርቅ ነበር። በሩ ጋ ደርሼ ዞርኩ። እግሮቹን ከፈት አድርጎ ቆመና ቀስ ብሎ መሳብ ጀመረ። አንድ ስንዝር። ሁለት። ደጋኑ እኩል ጎበጠ፤ በዚያች ቅጽበት አምሮ ነበር፤ ባሌ ሲያልመው የኖረው ነገር ነው። ልቤ "ተው በይው" አለኝ። ሰምቻለሁ፤ ልቤን አልሰማሁም አልልም። አፌ ግን ዝም አለ። እጁ ደረቱ ጋ ሲደርስ ጯ አለ።

ላይኛው ክንድ ተመልሶ ከቅንድቡ በላይ መታው። ሊወድቅ ብሎ አልወደቀም፤ የጣውላው ክምር ላይ ቁጭ አለ። ደሙ በአንድ ዓይኑ ላይ ወረደ። ይኼን ነበር የፈለግሁት፤ እንደማይጣፍጠኝ ግን አላወቅሁም። ቀለም የማልነካበትን ንጹሕ ጨርቅ ይዤ ሮጥኩ።

"አንቺን አላገኘሽም?" አለኝ፣ ጨርቁን ሳስነካው።

"እኔ በሩ ጋ ነበርኩ።"

"እንኳን" አለ። ደሙን ከዓይኑ ጠረገ። "እንደሚሰበር አውቅ ነበር።"

እጄ ቆመ።

"ወንድሜ ያኔ ፍልጡን ሲሰቅል ነግሮኛል። መላጊያህን ጀርባው ላይ እንዳላይ፣ ከላግከው ይሞታል ብሎኛል። አውቄ ነው የላግኩት።" ወደ መሬት እያየ ነው የሚያወራው። "እሱ ለአንቺ እንጨት ተወልሽ። ለእኔ ምን ተወልኝ? ቀን በቀን አቅፈሽ ስትፍቂው ሳይ አልቻልኩም። ያን ቀን ስትቆጪ እንደሚሰበር ያወቅሽ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሥራሽን ስትቀጥዪ ግን አለማወቅሽ ገባኝ። ሁለት ወር ሙሉ ልነግራት ነው፣ ዛሬ ልነግራት ነው ስል፣ አፌ እንቢ አለኝ። ዛሬ ወጥረሽ ቆመሽ ሳይሽ፣ በእሷ ፊት ላይ ከሚፈነዳ አልኩ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ያግኘኝ አልኩ።"

ጨርቁ ሞቀ፤ ደሙ ወደ መዳፌ መጣ።

"ይቅር በዪኝ" አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይኼን ቃል ስጠብቅ ነበር፤ ሲመጣ እግዜር ይይልህ የሚል መልስ እንኳ አዘጋጅቼለት ነበር። ደህናውን ዓይኑን አንሥቶ አየኝ። "አንቺ ምንም አላወቅሽም ነበር አይደል?"

ጨርቁን ግንባሩ ላይ አጠበቅሁት።

"እኔ ከየት አውቄ" አልኩት።

አመነኝ።