አንድን ተጫኚ

ሃያ ሰው ባለበት የኮምፒውተር ክፍል ደግሞ የእኔን ለምን፣ ተነሺ እስኪ፣ ያንን የመድኃኒቱን ስክሪፕት ለአዲሶቹ አሳዪያቸው፣ ይላል አስተማሪው፣ ሉፕና ኢፍን እንደሷ ያዋሃደ የለም ይላል፣ እናቴ መሞቷን ሰምቷል፣ እግዜር ያጥናሽም ብሎኛል፣ ስክሪፕቱ ለእሷ የተጻፈ መሆኑን ግን አያውቅም፣ ለእሱ ባሽ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የተሠራ መልመጃ ቁጥር አራት ነው።

እነሳለሁ። ወደ ፊት ወጥቼ ኮምፒውተሩ አጠገብ እቆማለሁ።

የገባኝ ቀን እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር፣ ኢፍ ማለት እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ ሉፕ ማለት ነገሩ እስኪሟላ ድገመው፣ አለቀ፣ አራዳ ነኛ፣ ወዲያው ለእማዬ ጻፍኩላት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን አልጋዋ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ይጮኻል፣ የግፊት መድኃኒትሽን ወስደሻል? አንድን ከተጫነች ወስጃለሁ ማለት ነው፣ ዝም ይላል፣ ሁለትን ከተጫነች አልወሰድኩም ነው፣ መልሶ ይጠይቃል። በዚያ ሰዓት እኔ ማተሚያ ቤት ወረቀት እቆርጣለሁ፣ ታላቅ እህቴ ልጆቿን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ሰው የለም፣ ማሽን ይጠይቃት። ሁለትን ብነካውስ ልጄ? እስክትውጪ አይለቅሽም እማ፣ እንደ አንቺ ነዝናዛ ነው። ሳቀች። ለመሆኑ ምንሽ ነው ይሄ? የቤት ሥራዬ ነው፣ ማርክ አለው፣ አልኳት። ማርክ አለው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ሠላሳ አንድ ቀን። መልሷን የሚመዘግበው ፋይል ላይ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ከሥራ ስገባ ከፍቼ አየዋለሁ፣ ጎበዝ እናት፣ እላለሁ፣ ክፍሏ ገብቼ ግን መድኃኒቱ ጎድሎ እንደሆነ አላየሁም፣ ፊቷንም አላየሁም፣ አንድ የሚል ቁጥር አይቼ እራቴን እበላለሁ።

አስተማሪው ሃያ ከሃያ ሰጠኝ። በሳምንቱ የእማዬ ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሰሰ።

ከቀብሩ በኋላ ሹራቧን ያጣጠፈችው እህቴ ናት፣ ኪሱ ውስጥ መሐረብ፣ መሐረቡ ውስጥ ክኒን፣ ብዙ ክኒን፣ ቁጭ አለች መሬት ላይ። መድኃኒቱ ያቅለሸልሸኛል ብላኝ ነበር እኮ፣ አለች፣ ለአንቺ እንድትነግርሽ ብላት፣ ሁለት ብዬ የልጄን ማርክ ላስቀንስ? አለችኝ፣ ቀልዷን መስሎኝ ሳቅኩ። ሳቅኩ እያለች ታለቅሳለች፣ እኔ ደግሞ እሷን ላጽናናት ወይስ ራሴን ልምታ።

ስክሪፕቱን አስነሺው እንጂ፣ ይላል አስተማሪው።

ጥያቄው ግድግዳው ላይ ይወጣል፣ ትልልቅ ፊደል፣ ወስደሻል? አንዷ ተማሪ ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች። ሁለትን እጫናለሁ። ወስደሻል? ሁለት። ወስደሻል? ሁለት፣ ይኸው እማዬ፣ እይው፣ ምንም አልሆንኩም፣ ማንም ማርኬን አልነካብኝም፣ ሁለት ማለት ይቻል ነበር፣ ሁለት፣ ምን አለ አንዴ ብትይኝ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ በቃ ገብቷቸዋል ይላል አስተማሪው፣ አንድን ተጫኚና ዝጊው፣ ሁለት፣ አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ምነው፣ ስህተት አለው እንዴ?

አለው።

የቱ መስመር ላይ?

ያልጻፍኩት መስመር ላይ፣ እለዋለሁ ወይስ በሆዴ ነው፣ ስክሪፕቱ እንደገና መጠየቅ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ አልወሰድኩም ላለች እናት፣ ምነው እማዬ፣ ምን ሆንሽብኝ፣ የሚል የለውም።