ዱበርቲ በስልክ

ስልኩን ነኢማ ያመጣችልኝ ያለፈው ዓረፋ ነው። ተቀበልኩ፣ መረቅኳት፣ ከነላስቲኩ ሣጥን ውስጥ ከሰርግ ቀሚሴ ሥር አስቀመጥኩት። ቁልፍ ያለው ስልክ አለኝ፤ አረንጓዴውን ስጫን ያናግረኛል፣ ቀዩን ስጫን ይተወኛል። ከዕቃ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ይሄኛው ፊቱ ልሙጥ ነው። ቁልፍ የሌለው ነገር እንዴት ይታዘዛል ብላት ነኢማ ሳቀች። የምሯን ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ስለነበር ክርክሩን ተውኩት።

ነኢማ አንድ ልጄ ናት። ያገባችው ደሴ ነው፤ ቶፊቅ የሚባል ብረት በያጅ፣ ጨዋ ልጅ፣ ምንም አይወጣለትም። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ቀናቸው ሳይደርስ አጣቻቸው። ሁለቱንም ጊዜ ሄጄ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። "ሰብር አድርጊ ልጄ፣ የአላህ ሥራ ነው" አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሌላ ምን ልበላት?

ኮሮና የገባ ጊዜ ሦስተኛውን ይዛ ወሯ ገብቶ ነበር።

በኛ አገር የነፍሰ ጡር ወሯ ሲገባ ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ ያደርጉላታል። ገንፎ ይገነፋል፣ ክብ ተሠርቶ ይቀመጣል፣ አንዷ ትመራለች፣ ሌሎቹ እጃቸውን ዘርግተው አሚን ይላሉ። ዱበርቲ እንለዋለን። እዚህ ከሚሴ በኛ ሰፈር መሪዋ እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፣ ከእናቴ የወረስኩት ነው። ከጨፋ ሮቢት ድረስ እየመጡ ይወስዱኝ ነበር። ዱዓ አድርጌላቸው የተወለዱት ልጆች ዛሬ ባጃጅ እየነዱ አቧራቸውን ያለብሱኛል፣ ሰላምም አይሉኝ።

የዱበርቲ መሪ አታለቅስም። ምጥ የፈራች ሴት የምታየው የመሪዋን ፊት ነው፤ እሱ ከተሸበረ ሌላው ሁሉ ይፈርሳል። እኔ ማልቀስ ሲመጣብኝ ፍየሎቹ በረት እገባለሁ። ፍየል ወሬ አያወጣም።

የቀበሌው መኪና በድምፅ ማጉያ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ እያለ ሰፈሩን ዞረው። ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ፣ አትጨባበጡ፣ ከከተማ ከተማ አትሂዱ። መስጊዱ ተዘጋ፣ የደሴ መኪና ቆመ። ደሴ እኮ ጠዋት ተነስተው ለምሳ የሚደርሱበት አገር ነው። መናኸሪያ ሄጄ አንዱን ተራ አስከባሪ "ልጄ ልትወልድ ነው" አልኩት።

"የኔም ሚስት ወልዳለች እናቴ" አለኝ። "ኮምቦልቻ ነው ያለችው። ልጁን አላየሁትም።"

ከሱ ጋር ምን እከራከራለሁ? ተመለስኩ።

የዚያን ቀን ነኢማ ደወለች። "እማ፣ ሆስፒታሉ አስታማሚ አያስገባም ተባለ። ብቻዬን ነው የምገባው።"

"አላህ አለ" አልኳት።

"አላህ እንዳለማ አውቃለሁ። የሌለሽው አንቺ ነሽ። ያንን ስልክ ከሣጥን አውጪው። ዱዓሽን በድምፅ ላኪልኝ። ሲብስብኝ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እሰማዋለሁ። ያለሱ አልገባም።"

ያለሱ ባትገባ የት ልትወልድ እንዳሰበች እንጃ። መፍራቷ ግን ገባኝ። እኔም ፈራሁ። ይሄ ሦስተኛውም ከቀረባት ልጄ በቁሟ ሞተች ማለት ነው፤ ይሄን ቶፊቅም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ስልኩን አወጣሁት።

የምታስተምረኝ ሰብሪና ነበረች። ጎረቤቴ ናት፣ ብዙ ዘመን ጅዳ ሠርታ የተመለሰች። ወንድሟ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ እነሱ ቤት ሰው እንዳይጠጋ ተከልክሏል። ስለዚህ ትምህርቱ በቅንጭቡ አጥር ላይ ሆነ፤ እሷ ወዲያ ማስኳን አድርጋ፣ እኔ ወዲህ።

"አካም ቡልተን፣ እትዬ ዘሃራ?"

"አልሃምዱሊላህ። ይሄን ነገር አስነሽልኝ።"

"ጎኑን ጫን በይው። ቀስ ብለሽ። ላም እያለብሽ አይደለም።"

መጀመሪያ በምስል ደወልንላት። ፊቷ ብቅ አለ፤ አብጧል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። አይቼ ያላየሁ መሰልኩ። ዱዓውን ልጀምር ስል ስልኩን ከጣራው ክፈፍ ሥር መሬት ላይ አስቀምጬ እጆቼን ዘረጋሁ። ጥሩ እየሄደልኝ ሳለ ነኢማ "እማ፣ የሚታየኝ ቆርቆሮው ነው" አለችኝ።

"አሚን በይ እንጂ ቆርቆሮውን ማን እይ አለሽ?"

ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ። ደግመን ሞከርን፣ መሐል ላይ ተቆረጠ። እንደገና ደወልን፣ ጭራሽ እምቢ አለ። የታሰረውን ፍታ ብዬ ሳልጨርስ የሚቆረጥ ዱዓ ባይደረግ ይሻላል፤ ተበሳጨሁ።

"እንግዲያ ድምፅ ቅጂላት" አለች ሰብሪና። "በቴሌግራም። ያቺ ማይክ ትታይሻለች? ተጭነሽ ትይዣታለሽ። እስክትጨርሺ አትልቀቂያት። ስትለቂያት ይሄዳል።"

"በአንድ እጅ?"

"በአንድ ጣት።"

"ሌላው እጄስ?"

"ሌላውን ዘርጊው።"

አየኋት። ለሰው እንኳ ውሃ የሚሰጠው በሁለት እጅ ነው። ጅዳ በአንድ እጅ ዱዓ ሲደረግ አይታ ከሆነ እኔ አላየሁም።

"እትዬ፣ አላህ ያለሽበትን ሁኔታ ያውቃል" አለችኝ።

"ያውቃል። ሁለት እጅ እንዳለኝም ያውቃል።"

በክርኔ ሞከርኩ፣ አልሰማኝም። በጉልበቴ ሞከርኩ፣ ቀሚሴ ከለከለኝ። ትንሽ ድንጋይ ጫንኩበት። ሰብሪና ሳቋን በማስኳ ውስጥ ይዛ፣ ድንጋይ አያውቅም፣ የሰው ሥጋ ነው የሚያውቀው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ትንሽ ፈራሁት።

ዘዴው የመጣልኝ ለዙህር ዉዱእ ሳደርግ፣ እግሬን እየታጠብኩ ሳለሁ ነው። የእግር አውራ ጣትም ሥጋ ነው። ለዚያውም ዉዱእ ያለበት ሥጋ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሞከርኩት፤ ታዘዘ። ሼሁን ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት። ብጠይቃቸው ይከለክሉኝ ይሆናል፤ ካልጠየቅኳቸው አልተከለከልኩም። ለሰብሪናም አልነገርኳትም፣ ሰፈሩን በሳቅ ትጨርሰው ነበር። ከሰላት በኋላ እረፍት ላድርግና ከዓስር በኋላ ተዘጋጅቼ እልካለሁ አልኩ።

ዓስር ሰግጄ ሳልነሳ ቶፊቅ ደወለ። "እማማ፣ ምጥ መጥቶባት ገብታለች። እኔን በር ላይ አስቀሩኝ። ስልኳን ይዛለች።" ከዚያ ድምፁ ጠፋና ተመለሰ። "ደም በዝቷል አሉኝ።"

በርጩማዬን ሳብኩ። ስልኩን የታጠፈ ጨርቅ ላይ አኖርኩት፣ የቀኝ እግሬን አውራ ጣት ማይኳ ላይ ጫንኩ። መቅጃው ቀይ አብርቶ መቁጠር ጀመረ። እጆቼን ዘረጋሁ።

"ያ ረቢ፣ የከበደውን አቅልልላት። ያ ረቢ፣ የታሰረውን ፍታላት። የጠበበውን አስፋላት። በሁለት ነፍስ ገብታለች፣ ሁለቱንም በሰላም አገላግል።"

በየመሐሉ ለአሚን ቦታ እተዋለሁ፤ ልማዴ ነው። አሚን የሚል የለም። በዕድሜዬ አሚን ያልተባለበት ዱበርቲ መርቼ አላውቅም። ቃሉ ከአፌ ይወጣና ወለሉ ላይ ይወድቃል። የምተወውን ቦታ ራሴ አሚን እያልኩ ሞላሁት። ወደ ማብቂያው ግድም ጣቴን አላበውና ወደ ላይ አንሸራተተኝ። በቃ ሄዷል አልኩ በሆዴ፣ ግን ዱዓ መሐል ላይ አይቋረጥምና እስከ መጨረሻው አደረስኩት። በፋቲሓ ዘግቼ ፊቴን አበስኩ።

ዱበርቲ ሲያልቅ ገንፎ ይቀርባል፣ ሳቅ አለ፣ አንዷ አንዷን ትነካካለች። እኔ ቤት ድስትም አልተጣደ። ፍየሎቹ በረት ልሄድ ብድግ አልኩና መልሼ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

"አንተ ጌታ" አልኩ። "ሁለቱን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ። እሷ ፊት ሰብር አልኩ፣ ቤቴ ገብቼ ጨርቅ ነከስኩ። ስም አውጥቼላቸው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው። አሁን እሷን ከነካህብኝ ሰው ፊት ደግሜ እጄን የምዘረጋ አይመስለኝም። እወቀው። ልጄ ናት። ልጄን ተውልኝ።"

ከዚያ አለቀስኩ። ድምፅ አውጥቼ፣ አፌን ሳልሸፍን፣ ልጅ እንደሚያለቅሰው አለቀስኩ። አስተግፊሩላህ አልኩና ደግሞ አለቀስኩ።

ሲወጣልኝ አፍንጫዬን ጠርጌ ስልኩን አነሳሁ። ቀዩ አሁንም ይቆጥራል። ተበላሽቷል ብዬ ደነገጥኩና ዝም እንዲል ያገኘሁትን ተጫንኩ። ትንሽ ድምፅ አሰምቶ ሄደ።

ወደ አጥሩ ሮጥኩ፣ መሮጥ ከተባለ። ሰብሪና ልብስ እያሰጣች ነበር። የሆነውን ነገርኳት፤ የእግሬንም ነገር ሳልወድ ነገርኳት።

"ጣትሽ ወደ ላይ ነው የተንሸራተተው?" አለችኝ።

"ወደ ላይ።"

"እንግዲያ ተቆልፏል። ወደ ላይ ከተሳበ ብትለቂውም መቅዳቱን አይተውም። እስክትልኪው ድረስ ያለውን ሁሉ ይዟል።"

"ሁሉን?"

"ሁሉን።"

"አጥፊልኝ።"

"እኔ እዚህ ሆኜ አልችልም። ጫን ብለሽ ያዢው፣ የቆሻሻ ቅርጫት ይመጣል፤ እሱን ንኪው።"

ያዝኩት። የመጣው ቅርጫት ይሁን ሌላ አላውቅም፣ መነጽሬ ቤት ነው። አንዱን ስነካ ሌላ ይከፈታል፣ ስዘጋው የነኢማ የሰርግ ፎቶ ይመጣል። ሰብሪና ወደ አጥሩ አስጠግቼ እንዳሳያት ነገረችኝ። አንገቷን አስግጋ አየችና "ተዪው፣ እትዬ" አለች። "ከፍታዋለች።"

እዚያው ቆምኩ። ምጥ ላይ ያለች ልጅ፣ ደም እየፈሰሳት፣ እናቷ ተስፋ ቆርጣ ጌታዋን ስትሟገት ትሰማ? ዱዓ ለመነችኝ፣ እኔ ድንጋጤዬን ላኩላት። "በእጄ ጣልኳት" አልኩ። ሰብሪና በዚህ አልሳቀችም። እጇን በአጥሩ ላይ ዘረጋችና፣ የወንድሟ ነገር ትዝ ሲላት መልሳ ሰበሰበችው። ቤት አልገባችም፤ በርጩማ አምጥታ በዚያ በኩል ተቀመጠች። እኔም በዚህ በኩል ተቀመጥኩ። ቶፊቅ ጋ ስንደውል እስካሁን ምንም አልነገሩኝም ይላል።

መግሪብ ሊል ሲል ስልኩ ድምፅ ሰጠ። የት እንደምነካ ሰብሪና ነገረችኝ። መጀመሪያ የመጣው የሕፃን ለቅሶ ነው፣ ቀጭን፣ የተቆጣ። ከዚያ የነኢማ ድምፅ መጣ፤ ሰልሏል።

"እማ። ሴት ናት። ደህና ናት። ደሙ ቆሞልኛል፣ እኔም ደህና ነኝ። ዱዓሽን ሰማሁት፣ አሚን ብያለሁ። ጎኔ አንዲት የባቲ ሴት ነበረች፣ እሷም አሚን አለች።" ሕፃኗን እሽሩሩ አለቻት። ሕፃኗም ዝም አለች። "ከዱዓው በኋላ ያለውንም ሰማሁት። ሲብስብኝ እየመለስኩ የከፈትኩት እሱን ነው። ለነዚያ ለሁለቱ የማለቅሰው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ እማ። አንቺ ጭራሽ የረሳሻቸው መስሎኝ በሆዴ ይዤብሽ ነበር። ስማቸው ማን ነበር?"

ሰብሪና በርጩማዋን አንስታ ወደ ቤቷ ገባች። ማይኳን ተጫንኩ።

"ሙስዐብ" አልኩ። "እና ጀነት።"

ለቀቅኩት። ሄደ።