በኮሜቱ ስር የቆመችው ሴት

እኛ የላስ ቬጋስ ሰዎች ያረጀ ሕንፃ አንጦርም፤ በድማሚት ነው የምናሰናብተው። ሰዉ ታጣፊ ወንበሩንና ቢራውን ይዞ ይወጣል፣ ሕንፃው ተንኮታኩቶ ሲወርድ ያጨበጭባል፣ ከዚያ አቧራውን ከመኪናው ላይ አራግፎ ቤቱ ይገባል። «ታሪክ የላችሁም» የሚለን እንግዳ ግን ደሜን ያፈላዋል። ታሪካችንማ እኔ ዘንድ ነው፤ ቀዝቃዛው መዝገብ ቤት ውስጥ፣ በሰፋፊዎቹ መሳቢያዎች። የሕንፃው ፕላንም የኒዮን ማስታወቂያው ንድፍም እዚያ አለ።

ንድፎቹን ስንቴ እንዳየኋቸው! እስካሁን አልጠገብኳቸውም። በጥቁር ካርቶን ላይ በቀለም የተሠሩ ናቸው፤ በኛ ከተማ ሕንፃን በቀን የሚስል አልነበረምና። ካዚኖ የሚያሠራው ሰው ማየት የሚፈልገው ሲመሽ ምን እንደሚመስል ነው። ከማስታወቂያው ስር ደግሞ፣ ቁመቱ እንዲታወቅ፣ ጥፍር የምታህል ሰው ወይም መኪና ትሳላለች። ስም ግን የለም። ሠሪዎቹ ድርጅቶች ነዳፊ እንዲፈርም አይፈቅዱም ነበር፤ ተፎካካሪ ጥሩ እጅ ካየ በማግስቱ ይነጥቃቸዋላ።

ወይዘሮ ዊልማ ስቶክሊ የመጡት በዚሁ የተነሳ ነው። ሟቹ ባላቸው ኦሪን ዕድሜ ልኩን የማስታወቂያ ነዳፊ ነበር። አሁን፣ ከፈረሰው ኮሜት ሆቴል የተረፈው ጅራታም ኮከብ የኒዮን ማስታወቂያ ታድሶ፣ አሮጌ ማስታወቂያዎች በሚቆሙበት ግቢ ሊበራ ነው። ከስሩ በሚተከለው ሰሌዳ ላይ ሊጻፍ የታሰበው «ነዳፊው ያልታወቀ» የሚል ነው።

«ያልታወቀ! ዕድሜዬን አብሬው የኖርኩት ሰውዬ ያልታወቀ ይባል?» አሉ፣ ቦርሳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘጭ አድርገው።

«እኔ አምንዎታለሁ፣ ወይዘሮ ስቶክሊ። መዝገቡ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ከእርስዎ በፊትም ‹ኮሜቱን የነደፈው አባታችን ነው› እያሉ የመጡ ነበሩ።»

«አሃ፣ ኮከቡ አባት በዝቶበታል በይኛ!»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ማስረጃማ አለኝ፣ ማሬ» አሉና ከቦርሳቸው ለልደታቸው የተሰጣቸውን ካርድ አወጡ። ኦሪን በእጁ የሳለው፣ ፊርማውም ያለበት ነው። አረንጓዴ ኮት የለበሰች ሴት ነፋስ እንዳይወስድባት ባርኔጣዋን በግራ እጇ ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

«ይህቺ እኔ ነኝ። በነደፈው ማስታወቂያ ሁሉ ስር ያቆመኝ ነበር። ‹ፊርማ ቢከለክሉኝ አንቺን አይከለክሉኝም› ይለኝ ነበር። እኔ ግን አንዱንም አላየሁ፤ ድርጅቱ ንድፎቹን ይቆልፍባቸው ነበር።»

ንድፉን አምጥቼ ዘረጋሁት። ኮከቡ ከሆቴሉ ጣሪያ በላይ ተንጠልጥሏል፤ ጅራቱ ከነጭ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቀይ እየደበዘዘ እስከ መንገዱ ይወርዳል። አስፋልቱ ላይ ያረፈው ነጸብራቅ ሳይቀር ተስሏል። ይህን የመሰለ እጅ ያለው ሰው ስሙ መጥፋቱ እኔንም አንገበገበኝ።

አጉሊ መነጽሩን ሰጠኋቸው።

«አለሁ!» ብለው ጮኹ። «ይኸው ኮቴ! ይኸው ባርኔጣዬ!»

እውነታቸውን ነው። ካርዱን ከጎኑ ሳስቀምጠው የትከሻዋ ማዘንበል እንኳ አይለይም፤ የአንድ ሰው ሥራ ነው። ደስ ብሎኝ ልጽፍ ብዕሬን ሳነሳ፣ እሳቸው ንድፉ ጥግ ላይ የተመታውን የድርጅቱን ማህተም ያነቡ ነበር።

«ይሄ ቀን የምንድነው፣ ማሬ?»

«ንድፉ የጸደቀበት ነው። መጋቢት 1955።»

መነጽሩን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«እኔ ከኦማሃ እዚህ የመጣሁት በ59 ነው» አሉ። «ኦሪንንም ያወቅሁት ያኔ ነው። ኮቱን የገዛልኝ እሱ ነው፤ የመጀመሪያ ስጦታው። ‹ከአረንጓዴ ሌላ አይሆንሽም› ብሎኝ። ባርኔጣውን እንዴት እንደምይዝ እንኳ እሱ አሳየኝ። እኔ ሞኟ እስቃለሁ።»

«ምናልባት በሐሳቡ የፈጠራት ትሆናለች» አልኩ፣ ራሴም ሳላምንበት።

«አትዋሺኝ። አያምርብሽም።»

ካርዱን አነሱት። ይዘውት ቢወጡ ማንም አይጠይቃቸውም፤ እኔም ለመለመን ድፍረቱ አልነበረኝም። ኦሪን ግን ያልታወቀ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለም።

«ከ59 ወዲህ የተሠሩትን ላምጣልዎት? ምናልባት እነሱ ላይ…»

«እንዳታመጪ!» አሉ በቁጣ። ከዚያ ዓይናቸው እንደገና ወደ ኮከቡ ሄደ፤ ረጅም ጊዜ አዩት። «ውሻ!» አሉ በመጨረሻ። «ግን እንዴት ያምራል! ይህን የሠራ ሰው ያልታወቀ አይባልም።»

ካርዱን ወደ እኔ ገፉት። እኔም «ኦሪን ስቶክሊ» ብዬ ጻፍኩ። ከስሙ ቀጥሎ፣ ሥራው የእሱ መሆኑን ማን እንደለየ የሚሞላበት ቦታ አለ። «ቤተሰብ» ብዬ ልሞላው ስል እጄን ያዙኝ።

«ሴትዮዋን አላውቃትም» አሉ። «የእሱን እጅ ግን የትም አውቀዋለሁ። ‹ሚስቱ ለይታዋለች› ብለሽ ጻፊ።»

እንዳሉኝ ጻፍኩ።