ከኑኑ ቁምባ የመጣው ንፋስ

ሲሬ ከተማ ውስጥ የአየር ትንበያ የማያውቅ ሰው የለም። ባጃጅ ነጂው ያውቃል፣ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ታውቃለች፣ የእኔው ባል ሠርፀ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ስለሆነ ከሁሉም በላይ ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሚቲዎሮሎጂ ጣቢያው በየሦስት ሰዓቱ ሙቀትና ንፋስ ስመዘግብ የኖርኩት እኔ ንጋት ግን አንዴ ከተሳሳትኩ ዓመቱን ሙሉ መተረቻ ነኝ። ጥቅምት ላይ «ዛሬ አይዘንብም» ብያቸው ጎረቤታችን ኦቦ ጋሮማ በርበሬያቸውን አሰጡ፤ ዘነበ፤ በርበሬው ሻገተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባገኙኝ ቁጥር «አካም፣ የዝናብ እመቤት» ነው ሰላምታቸው። እስቃለሁ፤ ግን ይቆጠቁጠኛል።

ያን የመጋቢት ሐሙስ ንፋሱ ከምሥራቅ መንፈስ ከጀመረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ደረቅ፣ ትኩስ፣ አፍንጫ የሚያደማ ንፋስ። ስድስት ሰዓት ላይ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ መዘገብኩ፤ አየሩ ውስጥ የቀረው እርጥበት ለስም ያህል ነው። «በዚህ ሳምንት ማንም እሳት እንዳይለኩስ» ብዬ ለቀበሌው ነግሬ በድምፅ ማጉያ ተለፍፎ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ አንዱ የበቆሎ አገዳውን ሊያቃጥል ክብሪት ጫረ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልናገርም፤ ኋላ እንደ ልጅ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው፣ ሰው የሚውጥ ሰንበሌጥ የበቀለበት ሜዳ ይነድ ጀመር።

ሠርፀ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቹን፣ አርባ አንድ ልጅ፣ ለምለም ቅርንጫፍ አስይዞ ወጣ። መንገድ ላይ ሆኖ ደወለልኝ።

«የሰው ልጅ ይዘህ እሳት ዘንድ?» አልኩት።

«ከፊቱ አንቆምም እኮ። ንፋሱ ከምሥራቅ ነው፣ እሳቱ ወደ ምዕራብ ነው የሚሮጠው። እኛ በሰሜን ጎኑ ቆመን ነው የምንመታው። ጎኑ ለማዳ ነው።»

እውነቱን ነው። በዚያ ንፋስ ልክ ነበር። ስለዚህ ተጠንቀቅ ብዬ ዘጋሁት።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ያደታ ከደቡባችን ካለችው ከኑኑ ቁምባ ደወለ። ያደታ የዝናብ መለኪያ የሚያነብልን ሰው ነው፤ ወሬ አይወድም፣ ቁጥር ተናግሮ ይዘጋል። ያን ቀን ግን ይጮህ ነበር፤ ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ይንኳኳል።

«ንጋት፣ እዚህ ንፋሱ ተገለበጠ። ከደቡብ ነው። ብርድ ነው። ሙቀቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከሠላሳ ወደ አሥራ ስድስት ወረደ። ቆርቆሮ እየነቀለ ነው፤ አሁን ደግሞ በረዶ ጀመረ።»

«ከመጣ ስንት ደቂቃው ነው?»

«ሃያ ቢሆን ነው። ወደ እናንተ ነው የሚመጣው።»

ሌላ ቀን ቢሆን እልል እል ነበር። ዝናብ እኮ ነው፣ አራት ወር የጠበቅነው። ግን ዝናቡ ከኋላ ነው፤ ንፋሱ ይቀድማል። ያ እሳት ደግሞ አሁን ሜዳው ላይ እንደ ገመድ ተዘርግቷል። አፉ ወደ ምዕራብ ነው፣ ጎኑ ለማዳ ነው፤ ከደቡብ ሲነፍስበት ግን ያ ረጅም ጎን በሙሉ አፍ ይሆናል፣ የሚዞረውም ወደ ሰሜን ነው። በሰሜን በኩል፣ ሰንበሌጡ ውስጥ፣ ባሌና አርባ አንድ ልጆች ቆመዋል።

ደወልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።» ደገምኩ። ያችው ሴትዮ። ሦስተኛውን ሳልጨርስ በሩን እንኳ ሳልዘጋ ወጣሁ። የዘጠኝ ሰዓት ንባብ ትቼ ስወጣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ባጃጅ ነጂው ቀነዓ ፊቴን አይቶ ዋጋ አልጠራም። «አዴ ንጋት፣ ምነው?» ነገርኩት። ሰማዩን አየ፤ ጥርት ብሏል፣ ጭሱም ወደ ምዕራብ ተኝቷል። ወዲያው አስነስቶ ነዳ። ባጃጁ የማይገባበት ላይ ስንደርስ ወርጄ ሮጥኩ።

ስደርስ ደስ ብሏቸዋል። መቶ ሜትር ያህል እሳት መትተው አጥፍተዋል፤ ፊታቸው ጥላሸት፣ ጥርሳቸው ብቻ ይታያል። ኦቦ ጋሮማ ቡሉኳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ዋንዛ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዛፉ ላይ ሦስት ቀፎ አላቸው። የልጅ ልጃቸው ሊሊሴ የሠርፀ ተማሪ ናት፣ እሷም ቅርንጫፍ ይዛ አጠገባቸው ቆማለች።

«ሁላችሁም ወደ ተቃጠለው ግቡ» አልኩ ትንፋሽ አጥሮኝ። «ንፋሱ ሊዞር ነው። ከደቡብ ይመጣል። የተቃጠለ መሬት ሁለተኛ አይቃጠልም፣ እዚያ ግቡ።»

ሠርፀ አመድ ቆንጥሮ ወደ ላይ በተነው። አመዱ ወደ ምዕራብ ሄደ። «ንጋት፣ ይኸው። ምሥራቅ ነው።»

«ያደታ ደውሎ ነው የምልህ።»

«ኢንተላ ኮ፣» አሉ ኦቦ ጋሮማ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «በርበሬዬንም እንዲሁ ነበር ያልሽኝ።»

ልጆቹ ሳቁ። ከሁሉም በላይ ሊሊሴ ሳቀች።

እኔ ንዴት ሲይዘኝ አላለቅስም፣ አልለምንም። አባቴ የመንዝ ሰው ነው፣ ሰጥቶኝ የሄደው ርስት ቁጣውን ብቻ ነው። «ሳቁ» አልኳቸውና እሳቱ ወደጠፋበት ሄጄ ጥቁሩ ውስጥ ገባሁ። ያደረግሁት የላስቲክ ጫማ ነው፤ በአሥረኛው እርምጃ መሬቱ ላይ ይጣበቅ ጀመር። አልቆምኩም። ሠርፀ «አበድሽ እንዴ?» እያለ ተከተለኝ። ሊጎትተኝ ነው የመጣው፤ ልጆቹ ግን አስተማሪያቸው ሲገባ ገባን ብለው እየዘለሉ፣ እግራቸው እየተቃጠለ እየተሳደቡ ተከተሉት። ሊሊሴ ወደ አያቷ ታያለች፣ ወደ እኛ ታያለች። ኦቦ ጋሮማ እጃቸውን ወንጨፍ አድርገው «ሂጂ ሂጂ፣ ቲቸርሽ ይቀጣሻል» አሏት። መጣች። ቆጠርኩ፤ አርባ አንድ።

«ኦቦ ጋሮማ፣ እባክዎን ይምጡ» ብዬ ተጣራሁ።

«ቀፎዬን ትቼ የት እሄዳለሁ» አሉ ከድንጋያቸው ሳይነሱ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ንፋሱ ያው ከምሥራቅ። አምስት ደቂቃ አለፈ። ልጆቹ በአንድ እግር እየቆሙ ይነጫነጫሉ፣ አንዱ «የዝናብ እመቤት» ሲል ሰማሁት። ወዲያ በኩል ያጠፉት እሳት እንደገና መጨስ ጀመረ። ሠርፀ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ንጋትዬ፣ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው፤ ልመልሳቸው» አለኝ። በቁጣ ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

«ትንሽ» አልኩት።

የዚያን ጊዜ ያሰብኩትን ልናገር፣ ደብቄ የት አደርሰዋለሁ። ፈራሁ፤ እሳቱን አይደለም፣ ሳቁን። ከነገ ጀምሮ በሲሬ ገበያ እንዴት አልፋለሁ ብዬ አሰብኩና፣ በልቤ «ምነው አሁኑኑ በዞረ» አልኩ። ሽማግሌው እዚያ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እያየኋቸው ነው ይህን የተመኘሁት።

ከዚያ ንፋሱ ቆመ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። የሚነጫነጩት ልጆች ሁሉ ወደ ጭሱ ቀና አሉ። ማጅራቴን ብርድ ነካኝ፣ የጓዳ በር ከኋላዬ የከፈቱብኝ ያህል።

«ኦቦ ጋሮማ፣ ይሩጡ» ብዬ ጮህኩ።

ንፋሱ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ነጠላዬን ከአንገቴ ነጥቆ ወሰደው። ያ ለማዳ የነበረው ጎን ከዳር እስከ ዳር ተነስቶ ቆመ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ወደ ሰሜን። ደቂቃ ሳይሞላ ልጆቹ ቆመው የሳቁበት ቦታ ነደደ። ሠርፀ ወደ ሽማግሌው ሊሮጥ ሲል በቀበቶው ይዤ አስቀረሁት፤ እጄን መታኝ፣ አልለቀቅኩትም። ሊሊሴ «አካኮ፣ አካኮ» እያለች አያቷን ትጠራለች።

ኦቦ ጋሮማ ልጆቹ አጥፍተውት በነበረው ክፍተት በኩል ነው የመጡት። ቡሉኳቸውን ራሳቸው ላይ ተከናንበው፣ እያሳሉ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እየተሳደቡ ጥቁሩ ላይ ወድቀው ተዘረጉ። ቅንድባቸው የለም። ቡሉኮው ጫፉ ይጨሳል። ሊሊሴ ላያቸው ላይ ወደቀች።

ከዚያ ዝናቡ ደረሰ። መጀመሪያ ወፍራም ጠብታ አመዱ ላይ ጠብ ጠብ አለ፣ ቀጥሎ በረዶው ወረደ፣ ቀጥሎ ሁሉም ባንድ ላይ። እሳቱ ዋንዛውን ከነቀፎዎቹ ከበላ በኋላ ብዙም አልሄደም፤ እንፋሎት ሆኖ ጠፋ። እኔ እንደ እብድ ሳቅሁ። ልጆቹ አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው ይጨፍራሉ፣ ጥላሸቱ በፊታቸው እየወረደ ዝንጉርጉር አድርጓቸዋል። እሰይ፣ እሰይ፣ እንዲያ ያለ ዝናብ ስንቴ ይገኛል። ሠርፀ ብቻ አልጨፈረም።

«ልጨርሳቸው ነበር» አለኝ።

«በነበረው ንፋስ ልክ ነበርክ» አልኩት። እውነቴን ነው። እጄን ያዘ፣ እስክንሄድም አልለቀቀም።

እኔ ግን ደስታው አልገባልሽ አለኝ። ሄጄ ኦቦ ጋሮማ አጠገብ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አልኩ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «እርስዎ እዚያ ተቀምጠው ሳለ ንፋሱ እንዲዞር ተመኝቻለሁ። እንዳላፍር ብዬ።»

ሽማግሌው ዝናቡ በፊታቸው እየወረደ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔስ ለምን የቀረሁ ይመስልሻል? ለቀፎው? ቀፎ ይሠራል። ንፋሱ ሳይዞር ሲቀር እዚያው ሆኜ ልስቅብሽ ነው የቀረሁት።» ትንሽ አሳሉ። «ሊሊሴን ሂጂ አልኳት አይደል? የእውነቴን አልነበረም፣ ለጨዋታ ነው። ከእኔ ጋር ተቀምጠሽ አብረን እንሳቅባቸው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሺ ትለኝ ነበር። ያልኳትን ትሰማለች።»

ሊሊሴ ከጓደኞቿ መሃል እየሮጠች መጣች፣ በሁለት እጇ በረዶ ሞልታ።

«አካኮ፣ ቅመስ» አለቻቸው።

ኦቦ ጋሮማ አንዷን አንስተው አፋቸው ውስጥ አደረጓት። ማኘክ ግን አልቻሉም፤ እያለቀሱ ነበር።