የእፀገነት ገጽ በእትዬ ማንጠግቦሽ ኮምፒውተር

እትዬ ማንጠግቦሽ የግብርና ቢሮው ፀሐፊ ናቸው፤ የቄስ ሚስት በመሆናቸው ሐሜት የሚሰሙት «ይፍታን» ብለው ነው። ሐሙስ ጠዋት ግን ይፍታንም ሳይሉ በሩን ዘጉት።

«እፀገነት፣ ነዪ እስቲ። ይኼ የማን ኮምፒውተር ነው?»

«የእርስዎ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን በአንቺ ስም ይጠራኛል?»

እፀገነት ጎንበስ አለች። እትዬ ማንጠግቦሽ የዓመት ፈቃድ ሊጠይቁ የሠራተኞችን ገጽ ከፍተው፣ የራሳቸውን ስምና የይለፍ ቃል አስገብተዋል። ገጹ የመለሰላቸው ግን «እንኳን ደህና መጡ፣ እፀገነት» ብሎ ነው። ከሥሩ እሷ ባለፈው ሳምንት ለበላይ አካል የላከችው ጥቆማ ተዘርግቷል፦ ለአበርገሌ ገበሬዎች የወጣው የማሽላ ዘር የወረዳቸው ከተማ ኒሯቅ ሳይደርስ የት እንደቀረ፣ የወጪ ሰነዱ ላይ የፈረሙትም የቢሮው ኃላፊ አቶ ደጅይጥኑ እንደሆኑ። አናቱ ላይ በቀይ «የጠቋሚው ማንነት በምስጢር ይያዛል» ይላል።

እፀገነት ወደተዘጋው በር ዞር ብላ አየች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ነው የመጣችው፤ ሰቆጣ ውስጥ አንድ ዘመድ የላትም።

«ማንም አላየውም?»

«እኔ ማን ነኝ ታዲያ? አየሁት። አላየሁትምም።»

የኮምፒውተር ባለሙያውን ሰጠኝን ጠሩት። የሰቆጣ ልጅ ነው፤ ሲደነግጥ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ያጉረመርማል። ገጹን ሲያይ አጉረመረመ።

«ትናንት መውጫ ላይ ከፍተሽው ነበር?»

«መልስ መጥቶ እንደሆነ ብዬ።»

«በቃ እሱ ነው። መስመራችን ቀጭን አይደል? አንድ ሰው የከፈተውን ገጽ እዚህ ያለው ማሽን ቅጂውን ያስቀራል። ሌላው ሰው ሲጠይቅ ሩቅ ሳይሄድ ያንኑ ያቀብለዋል። ካሽ የሚሉት ነው።»

«የእኔን ገጽ ለሌላ ሰው?»

«የግል ገጽ አያስቀርም ነበር። ባለፈው ግምገማ ላይ ጋሽ ደጅይጥኑ ‹የእኔ ገጽ ለምን ይንቀራፈፋል? ሁሉንም አስቀምጥ!› አሉ። አስቀመጥኩ።»

«አደጋ አለው አላልካቸውም?»

«ግምገማ ላይ? እሳቸውን?»

እትዬ ማንጠግቦሽ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ፎቶ ኮፒው ላይ ወረቀት ረስቶ እንደመሄድ በዪው።»

«እሱስ አንድ ሰው ነው የሚያነሳው» አለ ሰጠኝ። «ይኼን ከዚህ ግቢ የከፈተ ሁሉ ያየዋል።»

«አቶ ደጅይጥኑም?»

ሰጠኝ በኽምጣና አንድ ነገር አለ። እፀገነት ቋንቋውን አትችልም፤ ግን ገባት።

«እንግዲያው አሁኑኑ አቁመው።»

«በቃለ ጉባኤ የተያዘ ነገር ያለ ደብዳቤ አይሻርም። ደብዳቤው ላይ የሚፈርሙት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ያለውን ቅጂ ግን ላጠፋው እችላለሁ። ከዚያ ቀድሞ የከፈተ ሰው ገጽ ይተካዋል።»

«እትዬ ይክፈቱት። የእርስዎን ፈቃድ ማንም ቢያየው ምን ይሆናል?»

ይህን ስትል የመስክ መኪናው ጡሩምባ ከግቢው በር ተሰማ። አቶ ደጅይጥኑ ከመስክ ተመልሰው ነው። ቢሮ ሲገቡ መጀመሪያ የሚከፍቱት ይህንኑ ገጽ ነው። በኮሪደሩ ሲያልፉ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ፤ የቆላው አቧራ ጫማቸው ላይ ነው።

«እንዴት አደራችሁ? እፀገነት፣ ምነው ከሳሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ።»

ሄዱ። ከግድግዳው ማዶ ወንበራቸው ሲንቋቋ ተሰማ። ሰጠኝ ወደ ማሽኑ ክፍል ሮጦ ሄዶ ተመለሰ፤ «አጥፍቼዋለሁ፣ ቶሎ!» አለ። እትዬ ማንጠግቦሽ በአንድ ጣታቸው መምታት ጀመሩ። የይለፍ ቃላቸው የደብራቸው ታቦት ሙሉ ስም ነው፤ ያውም ከነማዕረጉ።

«እትዬ፣ በእመቤቴ!»

«ቆዪ፣ አታጣድፊኝ፣ ጣቴ ትሳሳትብኛለች።»

ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያዋ ክብ ዞረች፣ ዞረች። ገጹ መጣ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ደጅይጥኑ።»

ኃላፊው ቀድመዋቸዋል። ግን ያዩት የራሳቸውን ገጽ ነው፤ የእሷን አላዩም። እፀገነት ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

«ልጄ፣ ይኼን አንብቢው።»

ከደረሷቸው መልእክቶች የመጀመሪያው የበላይ አካል የላከው ነው። «በእርስዎ ላይ የቀረበ ጥቆማ ስለመላክ፦ ጉዳዩን እርስዎው አጣርተው መልስ እንዲሰጡበት።» ከሥሩ የጠቋሚዋ ሙሉ ስም፣ የሥራ መደብና ስልክ ቁጥር። ከጎኑ «ማክሰኞ ተነብቧል።»

ማክሰኞ። ማክሰኞ ከሰዓት ነበር ወደ መስክ ሊወጡ ሲሉ «የተከራየሽው የት አካባቢ ነው?» ብለው የጠየቋት። ለቤት አበል መስሏት መታጠፊያውን፣ የበሩን ቀለም፣ አከራይዋ አምሽተው እንደሚገቡ ሳይቀር አስረድታ ነበር።

«ለቄስ የተነገረ ኑዛዜ ሾልኮ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ቀስ ብለው። «ለተበዳዩ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። ለበዳዩ?»

ሰጠኝ ወደ በሩ ተጠጋ። «ይኼንንም ላጥፋው። ገጻቸው እንዲህ አደባባይ መውጣቱን ካወቁ እኔን ነው የሚበሉኝ።»

ስልኩ ጮኸ። እትዬ ማንጠግቦሽ አነሱት፤ የኃላፊው ድምፅ ከጆሯቸው አልፎ ሦስቱም ጋ ደረሰ። «እፀገነት እዚያ አለች? ላኪልኝ። ብቻዋን።»

እፀገነት ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። ወደ ሰጠኝ ዞረች።

«ሰጠኝ፣ አታጥፋው።»

«አብደሻል?»

«እስክወጣ ድረስ። የላክሁት እኔ መሆኔን እሳቸው ብቻ ሲያውቁ ነው የምፈራው። ሌላውም ይወቅ።»

ሰጠኝ እትዬ ማንጠግቦሽን አያቸው። እሳቸው ስልኩን እንደያዙ የሒሳብ ክፍልን ቁጥር ደወሉ። «አልጣሽ፣ ፈቃድሽን ሞላሽ? አሁን ገጹን ክፈቺው። አዎ፣ አሁን። እዚያ ላሉትም ሁሉ ንገሪያቸው።»

እፀገነት ኮሪደሩን አለፈችው። አንኳኳች።

«ግቢ» አሉ አቶ ደጅይጥኑ ፈገግ ብለው። «በሩን ዝጊው።»

ገባች። እጇ እጀታው ላይ ቀረ። በሩን አልዘጋችውም።