ሰው ያለው ወንበር

ከአጠገቤ ያለውን ወንበር በቦርሳዬ ያዝኩት። የሐይቅ ከተማ አዳራሽ ትንሽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በመስኮቶቹ ብርሃን ይገባል፣ ሁሉም ሁሉንም ያያል። ብቻዬን መሆኔንም።

ሀውራ ከደሴ ልትመጣ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ስንኖር የጋሽ አራጋውን ጊታር ከስልኳ እየሰማን፣ ሐይቅ ሲጫወት አብረን እናየዋለን ተባብለን ነበር። ከተመረቅን ወዲህ አልተገናኘንም። እሷ ሙሀይሚንን አገባች፤ እኔ እዚህ ተመድቤ ቀረሁ። ዛሬ ካልመጣች ከእንግዲህ እንደማልጠራት ቆርጬ ነው የወጣሁት።

"ሰው አለው?" አሉ አንድ ሽበታም ሰውዬ ቦርሳውን እያዩ።

"አለው።"

ሄደው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ደወልኩላት።

"መጣሁ እየሩስዬ፣ አብሽሪ።" ከጀርባዋ ቴሌቪዥን ይሰማል።

"መኪና ውስጥ ነሽ?"

"ልወጣ ስል የሙሀይሚን እናት መጡብኝ፣ ወላሂ። እንግዳ ጥዬ እንዴት ልውጣ? ካልደረስኩ ግጥሙን አንቺ ስጪልኝ።"

"እኔ ግጥም አልችልም።"

"አውቃለሁ። ነው በነው ነው የምትገጥሚው።" ሳቀች፤ እኔ ዘጋሁት።

ጋሽ አራጋው ሲዘፍን ከሰሚ ግጥም ይቀበላል። አንዱ ተነስቶ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፣ እሱ በዜማ ይመልሰዋል። ገጣሚዋ ሀውራ ነበረች።

ጋሽ አራጋው መድረክ ላይ ወጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ የጊታሩን ገመድ ራሱ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘ። በአምባሰል ጀመረ። ጣቶቹ ስልክ ላይ እንደምናውቃቸው አይፈጥኑም። አንዱን ድምፅ መትቶ እስኪጠፋ ይጠብቃል፤ እንዲያውም እንዲህ ይሻላል። ጥቂት ዘፍኖ አንዲቷን ዜማ በጊታሩ ብቻ እየደጋገመ ወደ እኛ ያይ ጀመር።

ሰዉ አጨበጨበ። ያለቀ መስሎት ነው። እሱ ግን ያቺኑ ዜማ ደገማት። አሁንም ተጨበጨበለት፤ ስልኮች ከፍ አሉ። ፈገግ ብሎ ማጉያውን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ።

"ፋዘር ረሳው መሰለኝ" አለ ከኋላዬ አንድ ወጣት።

"አልረሳም። ግጥም ስጡኝ እያለ ነው።"

"ካወቅሽ አንቺ ስጪዋ።"

በሩን አየሁት። ማንም አልገባም። ተነሳሁ።

"ከደሴ እስከ ሐይቅ መንገዱ ቅርብ ነው፣
የሚርቀውማ ያልተነሳ ሰው ነው።"

ነው በነው። ከኋላ ሳቁ። ጋሽ አራጋው ግን አልሳቀም። እጁን ከማጉያው አንስቶ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተካከለና ዘፈነው፦

"ከደሴ እስከ ሐይቅ ቅርብ ነው መንገዱ፣
ካልተነሱ ግና ይርቃል ዘመዱ።"

ቤቱን አስመታልኝ። ግን እኔ ዘመድ አላልኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌሎች እየተነሱ ሰጡት፤ አዳራሹ ሞቀ፤ እርስ በርስ እየተጠቋቆሙ ይስቃሉ። የምጠቁመው ሰው አልነበረኝም። ስልኬን አየሁ፤ አልደወለችም። ሽበታሙ ሰውዬ አሁንም ቆመዋል። ቦርሳዬን አንስቼ በእጄ ጠራኋቸው።

"ሰውሽ ቀረ?" አሉ እየተቀመጡ።

"ቀረች።"

"ዘመድሽ ናት?"

"አይደለችም" አልኩና ቦርሳዬን እግሬ ሥር አስቀመጥኩ።