ጭራው እንደ አፍንጫው ቀና ያለው ስኪ

እንግዲህ ወዳጄ፣ ነይ ቁጭ በይ። ምስር እሳት ላይ ጥደሽ ከሆነ አውርጂው፤ ይሄ ወሬ በመሃል ተነስተሽ የምትመለሺበት አይደለም። መቐለ፣ ሓድነት ሠፈር ስለምትኖረው ገላነሽ ነው የምነግርሽ። በግ ስትመርጥ አንድ ቀን ተሳስታ የማታውቀው ገላነሽ፣ ባለፈው መስከረም ስኪ መምረጥ መጣባት።

ስኪ ምንድን ነው ብትይኝ፣ ሁለት ረጃጅም ሳንቃ ነው። ፈረንጅ ጫማው ሥር አስሮ በረዶ ላይ ይንሸራተትበታል። እኛ ጋ በረዶ የሚባለው ክረምት ላይ ቆርቆሮውን ደብድቦ፣ ጎመኑን በሳስቶ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀልጦ የሚሄደው ነው። የገላነሽ የመጨረሻ ልጅ ኣርሴማ ግን በረዶ የለም ተብላ የምትቀር ልጅ አይደለችም።

ኣርሴማ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ምሕንድስና ተምራ፣ ሥራ ሲጠፋ ሓድነት ውስጥ ብየዳ ቤት ከፈተች። የሠፈሩን ሰው የደረጃ መደገፊያ ብረት የምትሠራው እሷ ናት። አንድ ቀን ስልኳ ላይ ፈረንጆች በስኪ ዘለው ደረጃ መደገፊያ ላይ ወጥተው እስከ ታች ሲንሸራተቱ አየች።

«እማ፣ መደገፊያውን እኔ እየሠራሁ ሌላ ሰው ይንሸራተትበት?» አለች።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላ የለም።

ከጓደኞቿ ጋር እንዳ ኢየሱስ ከሚባለው ሠፈር ተዳፋት ላይ የተረፈ ቱቦ እየበየደች ተከለች፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ እንደ ግመል ጀርባ የጎበጠ። ከታች ድንጋይና አፈር ቆልለው የመዝለያ ጉብታ ሠሩ። በረዶውስ? በረዶው በለስ ሆነ። የበለሱን ቅጠል እሾሁን በእሳት ለብልበው፣ በገጀራ ከትፈው መሬቱ ላይ ያነጥፉታል። ልሃጩ እንዴት እንደሚያንሸራትት የረገጠው ያውቀዋል። ችግሩ ለከብትም ቀለብ ነው። የሠፈሩ ላሞች ማልደው እየመጡ ሜዳውን ይበሉታል። አንድ ማክሰኞ ማረፊያውን ሙሉ በሙሉ በልተውት ልምምዱ ቀረ። ማንንም አልገረመውም። «ዛሬ ሜዳው ተበልቷል» ይባባላሉ፣ ልክ «ዛሬ መብራት የለም» እንደሚባለው።

የገላነሽ ጭንቀት ሌላ ነው። ኣርሴማ ስኪ ስላልነበራት በአልጋ ርብራብ ነበር የምትወርደው። ሐምሌ ላይ ርብራቡ ከእግሯ ሥር ተሰበረና ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ወጌሻው በለጠ አሽቶ መለሰው። አስሮ ሲጨርስ ግን ገላነሽን ወደ ጎን ጠራት።

«ይቺ እግር ለዛሬ ተመልሳልኛለች» አላት። «ሁለተኛ በማይረባ እንጨት ከወደቀች ግን እኔ ጋ አታምጪያት። እኔም አልመልሳትም፣ ማንም አይመልሳትም።»

ከዚያ ወዲያ ልጇ ከውጭ ስትገባ፣ ገላነሽ ፊቷን ሳይሆን መጀመሪያ እግሯን ነው የምታየው።

ከመስቀል ቀጥሎ ላለው እሑድ ውድድር ተቆረጠ። ገላነሽ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች። አልሆነም።

«አልተወውም እማ» አለች ኣርሴማ። «ግን ያለ ምርቃትሽ አልወርድም።»

«እንግዲያው ስኪውን እኔ ነኝ የምመርጠው። እኔ ያልመረጥኩትን አልመርቅም።»

«አንቺ ስለ ስኪ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ በግስ ማን አስተማረኝ?»

ኣርሴማ እናቷን ይዛ ገበያ ወጣች።

በመቐለ ስኪ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው፤ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጠው አብዱልጀሊል ጋ። ካፖርት ነው ተብሎ የገዛውን ቦንዳ ቢፈታው ሦስት ጥንድ ስኪ ወጣለት። ይኸው ሁለት ዓመት የሱቁ ሸራ በነሱ ተደግፎ ቆሟል። ኣርሴማ የሱቁን በር ልትበይድለት፣ እሱም አንድ ጥንድ ሊሰጣት ተነጋገሩ።

«አንድ ጥንድ ብቻ» አለ አብዱልጀሊል። «እሱንም ስትነቅሉ ሸራው አናቴ ላይ እንዳያርፍ በእንጨት ትተኩልኛላችሁ። ደግሞ አልተስማማኝም ብሎ መመለስ የለም።»

ገላነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ቀረበች።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«የየትኛው?»

«የሦስቱም።»

«አደይ ገላነሽ፣ እናቴ፣ ጥርስ የለው፣ በምን ልወቅልሽ?»

«ሻጩ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? በል ይሄን ቀዩን አውርደው።»

ቀዩ ያምራል፤ ያብረቀርቃል። አብዱልጀሊል አወረደላትና ከኣርሴማ ጎን አቆመው። ከራሷ በላይ አንድ ክንድ ተረፈ።

«ይሄን ውሰጂ፣ ትርፍ አለው» አለ። «በአንድ በር ይሄን ሁሉ እንጨት የሚሰጥሽ የለም።»

ገላነሽ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች፤ ደም ወጣ። ጣቷን መጠጠችና፣ «ይሄ ካራ ነው» አለች። «ብረት ላይ በካራ ነው የምትሄጂው? ካራ ይነክሳል እንጂ ይንሸራተታል?» መሃሉን በጉልበቷ ተጫነችው፤ ንቅንቅ አላለም። «ደረቅ ነው። ዘለሽ ስታርፊ እሱ ካልታጠፈልሽ የሚታጠፈው ያንቺ ጉልበት ነው። መልሰው።»

ሁለተኛው ነጭ ነው፤ እንደ አግዳሚ ወንበር ሰፊ። ገላነሽ ይሄን ስታይ ፊቷ በራ።

«ወይ የኔ ጌታ! ይሄማ ይሸከምሻል! በዚህ ማን ይወድቃል?»

ከጎን በርበሬ የምትሸጠው መንበረ ተነስታ መጣች። «እሱን ውሰዱ» አለች። «ውድድሩ ሲያልቅ ሁለት እንግዳ ያስቀምጥላችኋል።»

«እማ፣ እሱ ለጥልቅ በረዶ ነው፤ እንዳይሰምጥ ብለው ነው ያሰፉት» አለች ኣርሴማ። «እኔ ያለሁት ቱቦ ላይ ነው፣ የት ልሰምጥ? አየር ላይ ስዞር ደግሞ ክብደቱ እግሬን ጠምዝዞ ይዞት ይሄዳል።»

ጠምዝዞ የሚለውን ስትሰማ ገላነሽ ስኪውን እንደ ትኩስ ድስት ለቀቀችው።

ሦስተኛው ቀለሙ የተላላጠ፣ የተጫረ፣ ማንም ዞሮ የማያየው ነው። ኣርሴማ አጠገብ ሲቆም አፍንጫዋ ድረስ ደረሰ። ገላነሽ ተጫነችው፤ መሃሉ ለዘብ ብሎ ታጠፈና ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ጠርዙ ወፍራም ነው። አንኳኳችው፤ ድምፁ ሙሉ ነው። አነሳችው፤ አይከብድም።

«ይሄ ነው» አለች። «መልክ የለውም እንጂ ጤና አለው። በል እሰርልን።»

አብዱልጀሊል ገልብጦ ሊያስር ሲል ጭራውን አየችው።

«ቆይ። አፍንጫው ቀና ማለቱስ ይሁን። ጭራው ለምን ቀና አለ?»

ኣርሴማ መሬት መሬት አየች። «ወደ ኋላ እንዲሄድ ነው፣ እማ።»

«ማን ወደ ኋላ እንዲሄድ?»

«እኔ። ዘልዬ አየር ላይ እዞርና ፊቴን ወደ ላይ አድርጌ ነው የማርፈው። ከዚያ ወደ ኋላ እወርዳለሁ። የነዚያ የሁለቱ ጭራ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ማረሻ መሬት ይሰካል። እሱ ሲሰካ እኔ...»

«ስመ ሥላሴ! የሎጥን ሚስት ረሳሻት? ወደ ኋላ ብላ የጨው ሐውልት ሆና የቀረችውን? አሞሌ ጨው በሚሸጥበት በዚህ ከተማ ጨው ሆነሽ ብትቀሪ ማን ለይቶ ያወጣሻል? ቆርጠው ይሸጡሻል እኮ!»

«እኔን እዚህ ውስጥ አታስገቡኝ» አለ አብዱልጀሊል እጁን አንስቶ። «ሴትየዋን ግን እኛም እናውቃታለን።»

«እማ» አለች ኣርሴማ፤ አሁን ድምጿ ቀጠነ። «ቀዩን ብትሰጪኝም ነጩን ብትሰጪኝም እሰበራለሁ። ይሄን ይዤ ደግሞ ካልመረቅሽኝ አልወርድም። አንቺ ነሽ የምትመርጪው።»

ገላነሽ የልጇን እግር አየች። ስኪውን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ወዴት ነው?» አለ አብዱልጀሊል።

«የነፍስ አባቴን ጠይቄ እመጣለሁ።»

«ሸራዬስ?»

«እስክመለስ አንተ ያዘው!»

አብዱልጀሊል በሁለት እጁ ሸራውን ደግፎ ቀረ። በዚያች ሰዓት ሱሪ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ራሱ እየመረጠ፣ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ እየከተተለት ሄደ።

ሚኒባስ ላይ ስኪው በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ አጎንብሰው አዩት።

«የኔ እህት፣ የማን ቃሬዛ ነው? ማን አረፈ?»

ገላነሽ አማተበች። «ቃሬዛ አይደለም አባቴ። ቃሬዛ እንዳይመጣ ብዬ ነው የተሸከምኩት።»

«እግዚአብሔር ይርዳሽ» አሉና ወረዱ። ሌላ አልጠየቁም።

የነፍስ አባቷ አባ ሃብተማርያም የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ጥላ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምንድን ነው እሱ?»

«ስኪ ነው አባ።»

አባ አርባ ዓመት ሰው ሲያናዝዙ ብዙ ሰምተዋል። «እሺ ልጄ፣ ምን አደረገ?»

«ወደ ኋላ ያስኬዳል። ልጄ ካልሄደችበት እግሯ ይሰበራል፤ ከሄደችበት ደግሞ እንደ ሎጥ ሚስት ትሆንብኛለች ብዬ ፈራሁ።»

አባ ስኪውን ተቀበሉ፤ ገለበጡት፣ ጭራውንም አፍንጫውንም እኩል አዩ። ከዚያ መሬት ላይ አጋደሙትና ጫማቸውን አውልቀው ወጡበት። መቋሚያቸውን ተደግፈው ትንሽ ወዲያ ወዲህ አሉ።

«ገላነሽ፣ ዛሬ ጠዋት ኪዳን አድርሰሽ እንዴት ወጣሽ?» አሉ እዚያው ላይ እንደቆሙ።

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ አባ። ለመቅደሱ ጀርባ አልሰጥ፤ ፊቴን ወደሱ አድርጌ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያልኩ።»

«ደረጃውንም?»

«ደረጃውንም።»

«ወድቀሽ ታውቂያለሽ?»

«የሰው እግር ረግጫለሁ እንጂ አልወደቅኩም።»

«ጨውስ ሆነሻል?»

ገላነሽ ክንዷን ዳሰስ አደረገች።

«የሎጥ ሚስት እኮ እግሯ ወደ ፊት ነበር» አሉ አባ። «ወደ ኋላ የሄደው ዓይኗ ነው። እግርማ ወዴትም ይሂድ። በይ ጸበል አምጪ።»

ጸበል ረጩበት። ገላነሽ ስኪውን ተሸክማ እየሮጠች ተመለሰች። አብዱልጀሊል ሸራውን እንደያዘ ነበር፤ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ኪሱ አብጦ። ሸራውን በእንጨት አስደግፈውለት ሄዱ።

ማሠሪያውን ኣርሴማ ለብየዳ ጫማዋ እንዲሆን አድርጋ ሠራችው፤ ከጭራና ከአፍንጫ እኩል፣ መሃል ላይ። ገላነሽ ደግሞ ተቀምጣ ከልጇ እግር ሥር የሚውለውን ጠርዝ በመሳያ ድንጋይ አደነዘዘችው። «ሰው ይስላል፣ አንቺ ታደነዝዢያለሽ» ሲሏት፣ «የደነዘዘ ቢላ ሽንኩርት ላይ ሲንሸራተት አላያችሁም? እኔ እሱን ነው የምፈልገው» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሠፈሩ ሰው ነጠላውን እንደለበሰ እንዳ ኢየሱስ ወጣ። ወጣቶቹ ላሞቹን እያባረሩ፣ አዲስ በለስ እያነጠፉ ነው። ገላነሽ ከተዳፋቱ አናት ላይ ቆማ እጇን ልጇ ራስ ላይ አደረገች። መመረቅ ጀመረችና ተወችው። ጎንበስ ብላ ቀኝ ቁርጭምጭሚቷን በመዳፏ ያዘችና፣ «ይቺን ብቻ መልሰሽ አምጪልኝ» አለች።

ኣርሴማ ወረደች። በለሱ ላይ ሽው ብላ ቀጥ ያለው ቱቦ ላይ ወጣች። ጠርዙ አልነከሰም። ግመሉ ላይ ወጣች፣ ወረደች። ጉብታው ጋ ደርሳ ተወረወረች፤ አየር ላይ ዞረች፤ አረፈች። ጭራው አልተሰካም። ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ፣ እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ወደ ኋላ መንሸራተቷን ቀጠለች። ገላነሽ ዓይኔን ካነሳሁ ትወድቃለች ብላ አመነች። ዓይኗን ሳትነቅል አንድ እርምጃ ተከተለች። ሁለተኛውን በለሱ ላይ ረገጠች።

ምን ልበልሽ? ገላነሽ በነጭ ቀሚሷ በመቀመጫዋ ወረደች። ከቱቦው ጎን አለፈች፤ ጉብታው ላይ ወጣች፤ ትንሽም ቢሆን አየር ላይ ነበረች። «ወይለይ! አደይ ገላነሽ!» ይላል ሕዝቡ። ኣርሴማ ወደ ኋላ እየወረደች፣ እናቷ ወደ ፊት እየወረደች፣ ሳይተያዩ የቆዩበት አንድ ቅጽበት የለም። ታች መቆሚያ እንዲሆን የተከመረው ገለባ ውስጥ ሁለቱም ገቡ።

«እግርሽ!» አለች ገላነሽ፣ ገለባ እየተፋች።

«ያንቺስ?»

«የኔን ተይ፣ እግርሽ!»

ወጌሻው በለጠ ሮጦ መጣ። የኣርሴማን ጫማ አወለቀ፤ ቁርጭምጭሚቷን ያዘ፣ ዞር አደረገ፣ ጫን አለ። ገላነሽ እግሩን አይደለም ያየችው፣ የበለጠን ፊት ነው።

«ደኅና ናት» አለ።

ገላነሽ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ለቅሶ ወጣት። ኣርሴማ አቅፋት፣ «እማ፣ ከሁላችንም ርቀሽ የሄድሽው አንቺ ነሽ እኮ» ትላለች። ዳኞቹ ሦስተኛ እናድርጋት ወይስ ያለ ስኪ ስለወረደች አትቆጠር ብለው ሲጨቃጨቁ፣ ላሞቹ ማረፊያውን በልተው ጨረሱት።

ኣርሴማ ዛሬም እየወረደች ነው። ገላነሽም እዚያው አናት ላይ ቆማ ታያታለች። እንግዲህ ወዳጄ፣ ማታ ለጸሎት ስትቆሚ አንድ ነገር አድርጊልኝ፤ ልጅቷን አስቢያት። የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነው። ቀኝ እግሯን ለይተሽ ጥሪልኝ።